በማር የተሠራ ቁስል

ፍሬሕይወት እንጀራዋ ሙሽራ ማስዋብ ነው፤ ነፍሷ የምትወደው ግን ሰው ማቁሰል ነው። ለማያውቃት ሰው ይህንኑ ስትናገር ሰውየው ትንሽ ፈቀቅ ይላል፤ እሷም ፈቀቅ ሲል ማየት ደስ ይላታል።

አዳማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ጠባብ የውበት ሳሎን አላት። ቅዳሜና እሑድ ሙሽሮች ይሰለፋሉ። በአዘቦት ቀን ግን ድራማ የሚሠሩ ወጣቶች ይመጡና የበለዘ ዓይን፣ የተቃጠለ እጅ፣ ጥይት የበሳው ትከሻ ያዟታል። ሙያውን የተማረችው ከስልኳ ነው፤ የቀረውን የአዳማ ሙቀት አስተማራት። የውጭ አገር ባለሙያዎች ቁስል የሚሠሩበት ጄላቲን እዚህ ገና በረፋዱ ይቀልጥና ከፊት ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ስለዚህ እሷ ጥጥና ፈሳሽ ጎማ እየደራረበች፣ በፀጉር ማድረቂያ እያደረቀች ነው ሥጋ የምታበቅለው። ደሟ ደግሞ ማር ነው፤ ማር፣ ቀይ የምግብ ቀለም፣ ትንሽ ኮኮዋ። ማር ስለሆነ ዝንብ ይወደዋል፤ ዝንብ ያረፈበትን ቁስል ደግሞ ማንም አይጠረጥረውም።

የዚያን ረቡዕ በከተማው ያለ አንድ ሆስፒታል የመንገድ አደጋ ልምምድ አዘጋጅቶ ነበር። ከአዳማ ወጣ ብሎ፣ ወደ ደራ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ አሮጌ ሚኒባስ በጎኑ አስተኙ። በጎ ፈቃደኛ ወጣቶችን ዙሪያውን በትነው፣ አምቡላንሱ ምን ያህል እንደሚፈጥን፣ ሐኪሞቹም ማንን አስቀድመው እንደሚያነሱ ሊያዩ ነው። ወጣቶቹን የማቁሰሉ ሥራ ለፍሬሕይወት ተሰጠ። ከማለዳ ጀምራ የአንዱን እጅ ስትሰብር፣ የሌላዋን ጉንጭ ስትቀድ ቆየችና፣ የዕለቱን ምርጥ ሥራዋን ለጎረቤቷ ልጅ ለኪዳነወልድ አስቀረችለት።

ኪዳነወልድ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ሸሚዝ የሚሰፋ፣ ጥርሱ የማይከደን ልጅ ነው። የዕረፍት ቀኑ ነበር። የደረሰውም የሟች ተራ ነው፤ ሌሎቹ ሲያቃስቱ እሱ ዝም ብሎ መተኛት ብቻ። ከግራ ቅንድቡ በላይ የሩዝ ፍሬ የምታክል ጠባሳ አለችው፤ በልጅነቱ ከጋሪ ወድቆ ያተረፋት ናት። ፍሬሕይወት ቁስሉን ከዚያች ጠባሳ አስነስታ እስከ ጆሮው ድረስ ተረተረችው። መሃሉ ላይ ከሻማ ሰም የተሠራ አጥንት ብቅ እንዲል አደረገች። ስትጨርስ ራሷኑ ዘገነናት፤ ለእሷ ከዚህ የበለጠ ሙገሳ የለም።

«እማዬ እንዳትሰማ» አላት ኪዳነወልድ፣ በመስታወት ራሱን እያየ።

«አልነገርካቸውም እንዴ?»

«ኧረ በእመቤቴ! እሷ ፊት የቁስል ወሬ ይነሳል? ሥራ ገብቻለሁ ነው ያልኳት።»

ፍሬሕይወት ምክንያቱን ታውቀዋለች፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

የኪዳነወልድ ታላቅ ወንድም ማስረሻ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳ ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት አፋር ውስጥ ተገልብጦ ሞተ። ለእናቱ ለእትዬ ሸዋወርቅ ግን «ትንሽ ተጋጭቶ እግሩን አሞታል፤ ደህና ነው» ተባለ። በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲያው በድንገት ዱብ አይደረግም። ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ ጎህ እስኪቀድ፣ ግራና ቀኝ ደግፎ የሚይዝ ሰው እስኪገኝ ይጠበቃል። እስከዚያ ሰፈር ሙሉ ሰው ይዋሻል፤ አዝኖና ሳስቶ ይዋሻል። እትዬ ሸዋወርቅም እግሩ ለተሰበረ ልጃቸው አጥሚት ሊያሰናዱ እህል ሲያስለቅሙና ሲያስፈጩ ሰነበቱ። ፍሬሕይወትም እንደ ጎረቤት አብራ ለቅማለች። አስከሬኑ ሲመጣ ሳጥኑ ታሽጎ ነበር፤ «አይክፈቱት፣ ይቅርብዎ» ብለው አዛውንቶቹ ለመኗቸው። እሳቸውም ሳያዩት ተቀበረ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ሸዋወርቅ ፊት «ደህና ነው» የሚል ቃል የተናገረ ሰው ያፍራል። ዓይናቸውን ፊቱ ላይ ተክለው እስኪጨርስ ያዩታል፤ ከዚያ ምንም አይሉም።

የልምምዱ አስተባባሪ ጋሮምሳ ጠንቃቃ ሰው ነው። ፎቶ ወጥቶ የማንም ቤተሰብ እንዳይደነግጥ ብሎ የወጣቶቹን ስልክ ሁሉ በአንድ ቦርሳ ሰበሰበ። «ልምምድ ላይ ነን» የሚል ትልቅ ጨርቅም መንገዱ ላይ አሰቀለ። ጨርቁ ግን የተሰቀለው ከአዳማ ለሚወጣው ነበር፤ ከደራ ለሚመጣው የሚታየው ጀርባው ብቻ ነው።

ከደራ የመጣው ደግሞ፣ ከሰው ሁሉ፣ አብዱልጀባር ሆነ።

አብዱልጀባር የእነ ኪዳነወልድ የግድግዳ ጎረቤት፣ በደራና በአዳማ መካከል ሚኒባስ የሚነዳ ሰው ነው። ድሮ ከማስረሻ ጋር በጅቡቲ መስመር ነድቷል፤ ያን ጊዜ አስከሬኑን አሳፍሮ የመጣውም እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ መስመሩን ተወው። አሁን በመስኮቱ አሻግሮ ሲያይ የማስረሻ ታናሽ ወንድም ጭንቅላቱ ተተርትሮ፣ ዝንብ ወርሮት፣ አስፋልት ዳር ተዘርግቷል። ፍሬኑን ረገጠ። ትራፊክ ፖሊሱ ግን «እለፍ! እለፍ! መንገድ አትዝጋ!» እያለ ፊሽካውን ነፋበት። ተሳፋሪዎቹ ኡኡ አሉ። አብዱልጀባር አለፈ፤ እንዴት አዳማ እንደገባ እሱም አያውቀውም።

ፍሬሕይወት ይህን ሁሉ የሰማችው በኋላ ነው። በዚያን ሰዓት እሷ በራሷ ጣጣ ተይዛ ነበር። ቁስለኞቹ ወደ ሆስፒታሉ ከተጫኑ በኋላ የዕቃ ሣጥኗን ብትፈትሽ ማስለቀቂያው ዘይት የለም፤ ሳሎን ረስታው መጥታለች። ያለ ዘይቱ ቁስሉን የለጠፈችበት ሙጫ ከቆዳ ጋር ካልሆነ በቀር አይላቀቅም። ባጃጅ ይዛ ወደ ከተማ በረረች፤ ዘይቱን አነሳችና ቤቷ ገብታ አንድ ጉርሻ ቀምሳ ልትመለስ አሰበች።

የሰፈሩ መግቢያ ላይ ስትደርስ የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች ከድንኳኑ አቡጀዲ ጋር አጥር ተደግፈው ቆመዋል። የእድሩ ዳኛ አቶ ንዋይ ጋቢያቸውን ደርበው ከወንዶች ጋር በሹክሹክታ ያወራሉ። የአብዱልጀባር ሚስት በድሪያ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች።

«ማን ሞተ?» አለች ፍሬሕይወት ክው ብላ።

በድሪያ እጇን ይዛ ወደ ጥግ ጎተተቻት። «ቀስ በይ፣ እንዳትሰማ። ኪዳነወልድ… የማስረሻ ወንድም… ደራ መንገድ ላይ። አብዱ በዓይኑ አየው።»

ፍሬሕይወት ሳቀች። ልትይዘው አልቻለችም፤ ከት ብላ፣ ሣጥኗን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ሳቀች። አቶ ንዋይ አእምሮዋን ነክቷት ነው ብለው አማተቡ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት!» አለች ስትተነፍስ። «ማለቴ… የሠራሁት እኔ ነኝ! ቁስሉ ጥጥ ነው፣ ደሙ ማር ነው! ልምምድ እኮ ነው! ልጁ እንደ እኔና እናንተ ደህና ነው!»

ደጋግማ አስረዳቻቸው። በመጨረሻ ገባቸው። በድሪያ አልሐምዱሊላህ ብላ መሬት ላይ ዘፍ አለች። አብዱልጀባር ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ቆየና «እንዲህ ያለ ሙያ አላህ ያጥፋልሽ» አላት፤ ወዲያው ደግሞ እሱም መሳቅ ጀመረ። ቡልቡላ ከተማ የምትኖረው የእትዬ ሸዋወርቅ እህት አበበችም ተጠርታ ኖሯል። ለእሷ የተነገራት «ሸዋወርቅ ትንሽ አሟታልና ቶሎ ነይ» የሚል ነው፤ እንግዲህ የሞተችው እህቴ ናት ብላ እያለቀሰች መኪና ላይ መሆኗ ነው። ይህም አሳቃቸው።

የእትዬ ሸዋወርቅ በር ተከፈተ።

ሳቁ ሁሉ ባንድ ጊዜ ቆመ፤ የከፋውም ይኸው መቆሙ ነው። እትዬ ሸዋወርቅ ነጠላቸውን እንኳ በቅጡ አልለበሱም። ወንበሮቹን አዩ። የአቶ ንዋይን ጋቢ አዩ። የበድሪያን ያበጡ ዓይኖች አዩ። ረፋዱ ላይ በድሪያ ያለ ነገሩ ስኳር ይዛ መጥታ ያለ ነገሩ አጠገባቸው ስትቀመጥ ጀምሮ ልባቸው ሲፈራ ውሏል።

«ልጄ ምን ሆነ?» አሉ።

«ምንም አልሆነም!» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ።

«ደህና ነው፣ እትዬ!» አለች ፍሬሕይወት።

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ አወቀችው። ያው ቃል ነው። ያኔም ያሉት ይህንኑ ነበር፤ እንዲሁ ተሰብስበው፣ እንዲሁ ተቻኩለው። እትዬ ሸዋወርቅ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

«ወንድሙም ደህና ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «አጥሚት አሰናዳሁለት።»

አቶ ንዋይ በእድሩ ስም ማሉ። በድሪያ በልጆቿ ማለች። በማሉ ቁጥር የእትዬ ሸዋወርቅ ፊት እየጠቆረ ሄደ። ስለ ልምምድ፣ ስለ ጥጥ፣ ስለ ማር የሚነገራቸው ሁሉ ለእሳቸው አዲስ የተፈለሰፈ የማባበያ ዘዴ ነበር፤ ሰው ስንት ጣጣ ይፈጥራል ብለው የታዘቡ ይመስሉ ነበር። ጎረቤቶቹ ያላለቀሱት ገና ዘመድ እስኪሰበሰብ እየጠበቁ ነው ብለው አመኑ። የደም ግፊት አለባቸው፤ ከንፈራቸው ሲገረጣ ፍሬሕይወት አየች። የዘገነናት ሥራዋ አሁን እውነትም ሰው ሊገድል ነው።

«ቆይ፣ በድምፁ ይስሙት» አለችና ጋሮምሳ ዘንድ ደወለች። ሁሉም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረገችው። «ጋሮምሳ፣ አካም? ኪዳነወልድ የት ነው?»

ሰውየው ሥራ በዝቶበታል፤ ከጀርባው የአልጋ ጎማ ይንኳኳል። «ኪዳነወልድ? ያ ግንባሩ የተከፈተው? ከሟቾቹ ጋር ነው።»

በድሪያ ጮኸች። ፍሬሕይወት ስልኩን ለማጥፋት ስትጣደፍ ጋሮምሳ «ገና ነው፣ ሟቾቹን ማስነሳት አይቻልም» ማለቱም ተሰማ።

እትዬ ሸዋወርቅ ተነሱ። አሁን ጭራሽ ረግተው ነበር። «አብዱልጀባር፣ መኪናህን አስነሳ» አሉ። «የዚህኛውን ግን አያለሁ። ማንም አይክፈቱት እንዳይለኝ።»

መንገዱን ሁሉ አብዱልጀባር መሪውን እንደጨበጠ ላቡ ይወርዳል። ፍሬሕይወት ከኋላ ከእትዬ ሸዋወርቅ ጎን ተቀምጣ፣ የዘይቱን ጠርሙስ በሁለት እጇ ይዛ፣ ልትናገር አፏን ትከፍትና መልሳ ትዘጋዋለች። የቱንም ቃል ብታነሳ ያ ቃል ከአምስት ዓመት በፊት ተበልቶ አልቋል።

ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ድንኳን ተተክሏል። ሟቾች እዚያ በነጭ አንሶላ ተሸፍነው ተኝተዋል፤ ከአንዱ አንሶላ ጫፍ የኪዳነወልድ ቀይ ጫማ ወጥቷል። እትዬ ሸዋወርቅ ጫማውን አወቁት። ማንም ሳይቀድማቸው ሄደው አንሶላውን ገለጡ።

ኪዳነወልድ ጎበዝ ሟች ነበር። ትንፋሹን ውጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንድ ዝንብ በከንፈሩ ላይ ስትሄድ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ሊፈትሽ የመጣ ሐኪም መስሎታል።

እትዬ ሸዋወርቅ ነጠላቸውን አጥፈው ቁስሉን ሊዘጉት ግንባሩ ላይ ጫኑት፤ ደም የሚፈስበትን ልጅ ማንኛዋም እናት እንደምትይዘው።

«ኪዳኔ! ተነስ፣ እናትህ ናቸው!» ጮኸች ፍሬሕይወት።

ዓይኑን ከፈተ። እናቱን ከላዩ ሲያይ ደንግጦ ብድግ አለ። «እማዬ! ደህና ነኝ! ምንም አልሆንኩም!»

እንዲህ ጭንቅላቱ ተከፍቶ፣ አጥንቱ እየታየ፣ ምንም አልሆንኩም ይላል። እትዬ ሸዋወርቅ በአንድ እጃቸው ማጅራቱን ይዘው በሌላው ቁስሉን ይበልጥ ጫኑት። «አትናገር፣ አትናገር የኔ ጌታ፣ ደምህ ይፈሳል» ይሉታል። እንባቸው አሁን መጣ። «ሐኪም! ሐኪም የለም?»

ፍሬሕይወት አጠገባቸው ተንበረከከች። መናገሩን ተወችው። ጠርሙሱን ከፍታ ዘይቱን በእትዬ ሸዋወርቅ ጣቶች ላይ አፈሰሰች፤ ከዚያ እጃቸውን ይዛ ወደ ቁስሉ ጠርዝ፣ ጆሮው አጠገብ ወሰደችው። እትዬ ሸዋወርቅ እጃቸውን ነጠቋት። «ያመዋል!»

«ጥፍርዎን ብቻ ያስገቡ» አለች። «እኔን አይመኑኝ። እጅዎን ይመኑ።»

ኪዳነወልድ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቅ፣ ግንባሩን ወደ እጃቸው አስጠጋ። እትዬ ሸዋወርቅ እየፈሩ፣ ፊታቸውን ግማሽ አዙረው፣ ጥፍራቸውን በጠርዙ ሥር አስገቡ። ተላቀቀ። ትንሽ ሳቡት፤ ደም አልመጣም። ሌላ ትንሽ ሳቡ። ቆዳ የመሰለው ነገር ከነሰሙ፣ ከነማሩ፣ ከነዝንቡ እየተጠቀለለ መጣ። ሥሩ ላይ የልጃቸው ግንባር አለ፤ ትንሽ ቀላ ብሎ፣ ላብ ብሎት። ከቅንድቡ በላይ ደግሞ የሩዝ ፍሬ የምታክለው ጠባሳ።

ጠባሳዋን በአውራ ጣታቸው አሿት። ደጋግመው አሿት። ከጋሪ የወደቀ ዕለት ራሳቸው ናቸው ቁስሉን በእጃቸው ይዘው ክሊኒክ ያደረሱት።

ከዚያ በጥፊ አጮሉት።

«ሥራ ገብቻለሁ!» አሉት። «ሥራህ ይሄ ነው? ሞት ነው ሥራህ?» ሌላ ሊደግሙት እጃቸውን ሲያነሱ አቅፎ ያዛቸው፤ እሳቸውም ደረቱ ላይ ተደፍተው ተንሰቀሰቁ። ዙሪያው ያሉት ሟቾች አንድ በአንድ ከአንሶላቸው ተነስተው ያዩ ነበር። ጋሮምሳ እየሮጠ መጣና፣ ነገሩን ሲያይ ሊነፋ ያነሳውን ፊሽካ ኪሱ ከተተ።

ሲረጋጉ እትዬ ሸዋወርቅ ጣታቸውን አሸተቱ። «ማር ነው እንዴ?»

«ማር ነው፣ እትዬ።»

«በዚህ ኑሮ ማር ግንባር ላይ!» አሉ። ፍሬሕይወት ሳቅም ለቅሶም መጣባት።

ወደ ቤት ሲመለሱ አመሻሽ ነበር። የአዳማ ነፋስ አቧራውን እያነሳ መስኮቱን ይመታል። ኪዳነወልድ ከኋላ ወንበር ራሱን የእናቱ ትከሻ ላይ ጥሎ ተኝቷል፤ ሲሞት ውሎ ደክሞታል። የእትዬ ሸዋወርቅ ስልክ ጮኸ፤ አበበች ነበረች፣ አዳማ ገብታ መናኸሪያው በር ላይ ቆማ እያለቀሰች። «አልሞትኩም፣ አበበች» አሏት። «እኔ ነኝ፣ ራሴ ነኝ። እንባሽን ጠርጊና እቤት ጠብቂኝ።» ሁሉም ሳቁ፤ እትዬ ሸዋወርቅም ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን የነቀሉት ቁስል አሁንም መዳፋቸው ውስጥ መሆኑን ፍሬሕይወት አየች። አልጣሉትም።

«አብዱ» አሉ።

«እትዬ?»

«ማስሬን ያመጣኸው አንተ ነህ። ሳጥኑን ያሸገው ማን ነው?»

የአብዱልጀባር ዓይኖች በመስታወቱ ውስጥ ወደ ኋላ አዩ። «እኔ ነኝ።»

«ፊቱ ምን ሆኖ ነበር?»

ፍሬሕይወት «ይተዉት፣ እትዬ» ልትል ነበር። ከንፈሯን ነከሰች። እኚህ ሴት አምስት ዓመት ሙሉ፣ ያለ ጥጥና ያለ ጎማ፣ የልጃቸውን ፊት በሐሳባቸው ሲያቆስሉ መኖራቸው ገና አሁን ገባት። ያላዩትን ፊት ሰው እንዴት ያለ አድርጎ እንደሚሠራው ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

አብዱልጀባር መኪናውን ጥግ ያዘና ሞተሩን አጠፋ። ዞሮ ተቀመጠ። ያኔ ልጅዎ እግሩን ነው ያመመው የተባሉትን እናት ፊት ለፊት አያቸው።

«ደረቱ ነው፣ እትዬ» አለ። «መሪው ደረቱን ደቆሰው። እኔ ስደርስ ነፍሱ ወጥታ ነበር። ሳጥኑን ያሸግነው በዚያ በአፋር ሙቀት ስለቆየ ነው፤ ሽታው እንዳይጎዳዎት ብለን። ፊቱ ምንም አልሆነም።»

«ምንም?»

«ምንም። ወላሂ። ቅንድቡ ላይ አቧራ ነበረበት፤ በሽርጤ ጠረግኩለት። የተኛ ነበር የሚመስለው።»

እትዬ ሸዋወርቅ እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ፊቱ ላይ ተክለው ቆዩ። አብዱልጀባር ዓይኑን አላሸሸም። ከዚያ መዳፋቸውን ከፈቱና የጎማውን ቁስል ለፍሬሕይወት ሰጧት።

«እሺ» አሉ። «በል ንዳው፣ አበበች እየጠበቀችኝ ነው።»